«ከውሰር» ብዬ የጻፍኳት ልጅ

ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብያለሁ። ምናልባት ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፤ ሰዓቴን አላየሁም፣ ማየቱንም ፈርቼ ነበር። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ሩብ ሰዓት በፊትና በኋላ የሆነ ነው። የሚያሳፍረኝን ክፍል ሳልዘል ልጽፈው ስለቆረጥኩ ከራሴ ልጀምር።

ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነበርኩ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። በየማለዳው በሚኒባስ ቁልቁል ወርጄ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ መንገድ ሰውን ሁሉ ሲያቅለሸልሽ እኔ መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀርኩ እደርሳለሁ። ወሬ አላበዛም። ባልደረቦቼ የሚስቁብኝ በአንድ ነገር ነበር፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አንዲት ፊደል ከተበላሸች ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ።

እንዲህ የሆንኩት ፊደልን ዘግይቼ ስላገኘሁት ይመስለኛል። የተወለድኩት ከቢስቲማ ወዲያ ማዶ፣ ገጠር ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ሲተው በእሱ ደብተር ነው። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ በጎን ተቀምጬ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ሀሁ ቆጠርኩ። ቁመቴን ሲለምዱት ተዉት። ስሜን ግን አልተዉትም። ስሜ ጉድፌ ነበር። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ሞተውባት የነበረችው እናቴ፣ ስወለድ ጥራጊ ከሚደፋበት ጉድፍ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጎረቤት አንስታ «አግኝቻለሁ፣ አሳድጊልኝ» ብላ መለሰችላት። ሞት ጥራጊ አያነሳም ይባላል። መምህሩ ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ ከኋላ ወንበር ይቀበሉታል፤ «ጉድፌ ነይ ጉድፌ፣ መጥረጊያው ከደጃፌ!» ሦስት ዓመት ሰማሁት። ዛሬም አንዳንዴ ቤት ስጠርግ በዜማው እጠርጋለሁ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ደሴ መጣሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሰው ቤት ተቀጥሬ የማታ ትምህርት ልመዘገብ ስሄድ መዝጋቢው ቀና ሳይል «ስም?» አለኝ። «ሀናን» አልኩት። አንድ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ያነበብኩት ስም ነው። ጻፈው። እንዲህ ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲህ ደሴ ውስጥ ጉድፌን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ላለማወቅ እታገል ነበር።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው።

አንድ ጠዋት ሰዓዳ ከአማቷ ከእማ ዘሀራ ጋር መጣች። ሰዓዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ስለመጣች የጥጥ ብናኝ ከሽፋሽፍቷ ላይ አልረገፈም። የሁለት ወር ሕፃን ለአማቷ አሸክማለች። ባሏ ሰይድ በሹፌርነት ሩቅ አገር ነው አሉኝ። ቅጹን ዘረጋሁ።

«የሕፃኗ ስም?»

«ኩበቴ።»

ብዕሬ ቆመ። «የቤት ስሟን አይደለም፣ ዋናውን።»

«የቤቱም የውጭውም ያው ነው። ኩበቴ ሰይድ።»

ከኋላዬ ያለው ባልደረባዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ያ ሳል ጀርባዬ ላይ እንደ ጠጠር አረፈ።

«እህቴ፣ ነገ ትምህርት ቤት ትገባለች እኮ። ልጆች ምን እንደሚሏት አስበሻል?»

«ለነገ ያድርሳትና የፈለጉትን ይበሉ» አሉ እማ ዘሀራ።

«እማ፣ እርስዎም ያስቡበት። ኩበት ብሎ ስም…»

«አስቤበታለሁ ልጄ። ሁለት መቃብር ላይ ቁሜ ነው ያሰብኩት።»

ሰዓዳ በዝግታ አስረዳችኝ። «የመጀመሪያዋ ሀያት ነበረች። ሁለተኛዋ ፈትያ። ስማቸው አማረና ተጠሩ። ሀያት በአርባ ቀኗ፣ ፈትያ ጥርስ ሳታወጣ። ይቺን ጎረቤታችን ኩበት ስትለቅም ከክምሩ ላይ አግኝታ ነው የሰጠችኝ።» ፊቷ ላይ ምንም ቀልድ የለም። ክምሩ ላይ ያስቀመጠችው ራሷ እንደሆነች ሦስታችንም እናውቃለን።

«እሺ» አልኩ።

አቀርቅሬ፣ በዚያ በሚመሰገን እጅ ጽሕፈቴ፣ «ከውሰር ሰይድ» ብዬ ጻፍኩ። የጀነት ወንዝ ስም። ልጅቷን ከዴስክ ጥግ እያወጣኋት፣ ያንን ዜማ ከአፋቸው እየነጠቅኩላት መሰለኝ። ደንቡ የተጻፈውን ለአስመዝጋቢ ጮክ ብለሽ አንብቢ ይላል። አላነበብኩም። ሰዓዳ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች።

«ምን ይላል?» አሉ እማ ዘሀራ ወረቀቱን ገልብጠው እያዩ።

«ልደቷን ይላል፣ እማ።»

«አላህ ይስጥሽ።»

የዚያን ቀን ማታ ሐረጎን ስወጣ መጽሐፌን አልከፈትኩም። ተደስቼ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በሕይወቴ ትልቁን በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ።

በየወሩ መጨረሻ ከአንድ ጤና ጣቢያ የልደት ማሳወቂያ ቅጾችን እሰበስባለሁ። የዚያን ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስደርስ ቅጾቹ ያሉበትን ሣጥን ቁልፍ የያዘችው አዋላጅ ማዋለጃ ክፍል ገብታ ነበርና ኮሪደሩ ላይ ጠብቂ ተባልኩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የኮምቦልቻ ሙቀት ገና በጠዋቱ ግድግዳውን ማላብ ጀምሯል። ቆሜ አነብ ጀመር። አንዲት ወጣት ነርስ ካርዶች ታቅፋ ከሕፃናት ክፍል ብቅ አለች።

«ከውሰር ሰይድ!»

ገጹን ልገልጥ የነበረው ጣቴ ባለበት ቀረ። ከውሰር ብዙ አለች፣ ሰይድም ብዙ ነው፤ ወሎ ውስጥ የሰይድን ልጅ መጥራት «አንተ ሰውዬ» ብሎ እንደመጣራት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን ቀና አልኩ።

«ከውሰር ሰይድ የለችም? ኧረ ሦስተኛዬ ነው ስጠራ!»

«የከውሰር እናት፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ከሆነ ተነሽ!» አለች መሬት የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት። ሰው ሳቀ።

«ባሏ ከች ብሎ ይሆናላ!» አለች ሌላዋ። የበለጠ ተሳቀ።

ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሰዓዳን አየኋት። እንደ ሌላው ሰው ዘወር ዘወር እያለች ከውሰርን ትፈልጋለች። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ በደረቷ ይዛለች። እማ ዘሀራ ከጎኗ በመቁጠሪያ ዚክር ያደርጋሉ።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ካርድ ክፍል የልደት ወረቀት አምጡ ይላሉ። ወረቀቱን ሰጥታለች፣ ከወረቀቱ ገልብጠዋል፣ እሷም ኩበቴ እስኪባል እየጠበቀች ነው።

ነርሷ ካርዱን ከክምሩ ሥር ከተተችው። «መሐመድ ይመር!» አለች።

እኔም መጽሐፌን ዘግቼ ወጣሁ።

አዎ፣ ወጣሁ። በሩ ላይ ወዳለው ዛፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። የመንግሥት ሰነድ ውስጥ ሐሰት መጻፍ ምን እንደሚያስከትል እኔ ለሌሎች ያነበብኩት ደንብ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ ያገኘሁት ዲፕሎማ፣ ሰው ቤት ዕቃ እያጠብኩ የተማርኩት ትምህርት፣ ወንበሬ፣ ማኅተሜ። ከዚያ ደግሞ ሌላውን አሰብኩ። ጉንፋን ይሆናል። ሕፃን ሁሌ ይስላል። ካርዱ ተመልሶ ይወጣል፣ ያኔ እናትየው ትጠይቃለች። የጥበቃው ሰውዬ፣ «እህት፣ የጠፋሽ ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። በዛፉና በበሩ መካከል ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ሩብ ሰዓት የምለው ይህንን ነው።

የመለሰኝ ጀግንነት አይደለም። መስኮቱ ክፍት ነበርና በዚያ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ሳል አይደለም። ትንፋሽ በወጣ ቁጥር የሚያቃስት፣ «እህ… እህ… እህ…» የሚል ደቃቃ ድምፅ፣ እንደ ደከመ ሽማግሌ። የአራት ወር ልጅ እንዲህ ማቃሰት የለባትም።

ገባሁ። አሁንም ግን በአቋራጭ ልወጣ ሞከርኩ። ከሰዓዳ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ «ሰዓዳ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ቅድም የተጠራው ያንቺ ነው፣ ተነሽ ግቢ» አልኳት።

አወቀችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ወዓለይኩሙ ሰላም። የኔ አልተጠራችም። የተጠራችው ከውሰር ናት።»

«ግድ የለሽም፣ ግቢ ብቻ። እኔ አስገባሻለሁ።»

እማ ዘሀራ መቁጠሪያውን አቆሙ። «ያቺ ከውሰር የምትባለው ብትመጣስ? እሷም ታማ ነው የመጣችው። የሰው ተራ አንወስድም ልጄ። ሐራም ነው።»

«እማ፣ ልጅቷ እየተቸገረች ነው…»

«ሁሉም ተቸግሮ ነው እዚህ ያለው። ተራችን ሲደርስ አላህ ያውቃል።»

በዚህ ዓይነት ልበ ቀና ሰው ፊት መዋሸት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የጎኗ አጥንቶች በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። ከንፈሯ ዙሪያ ጠቁሯል።

«ከውሰር ማለት እሷ ናት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጮኾ ተሰማኝ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ኩበቴ ስትይኝ ከውሰር ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ ኩበቴ አይልም።»

ያቺ ወፍራም ሴት፣ «ሱብሃነላህ!» አለች።

ሰዓዳ አልጮኸችም። «አይልም?»

«አይልም።»

«ሁለት ወር ሙሉ አይልም?»

«አይልም።»

ከዚያ በኋላ አላየችኝም። ነርሷን እጇን ይዤ ጎተትኩ፤ ካርዱ ከሥር ወጣ፤ ገቡ። የጤና መኮንኑ የልጅቷን ትንፋሽ ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይቆጥር ተነሣ። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የተቀመጣችሁት?»

«ካንድ ሰዓት ተኩል» አለች ሰዓዳ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አራት ሊሆን ነው። ጥርሱን ነከሰ። የሳንባ ምች ነው፣ ደሴ ትሂድ አለ። የመጀመሪያውን መርፌ ወግቶ ለሆስፒታሉ መላኪያ ወረቀት ጻፈና የሚቀበለው ሲያጣ ለእኔ ሰጠኝ። ጥርት ባለ ጽሕፈት «ከውሰር ሰይድ» ይላል።

አምቡላንሱ ውስጥ ማንም ግቢ አላለኝም፣ ማንም ውረጂም አላለኝም። እማ ዘሀራ የልጅቷ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው ጀመሩ። «ኩበቴ። ኩበቴ። ኩበቴ።» ልመና አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም፤ ሰው የጠፋ ከብት በጭጋግ ውስጥ እንደሚጠራ ነው። ሐረጎን ስንጀምር ጀምረው ደሴ እስክንገባ አላቋረጡም። በየመጠምዘዣው የኦክስጅኑ ሲሊንደር ከብረቱ ጋር ይጋጫል፣ ስሙ ይደገማል። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ አላልቅ አለ። ወረቀቱ በእጄ ላብ ረጠበ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ወንድ ነርስ እየሮጠ መጣ። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበ፣ «ከውሰር ሰይድ፣ አራት ወር፣» ከዚያም ሕፃን እጅ ላይ የሚታሰረውን የስም መለያ መጻፍ ጀመረ። ይህን ጊዜ ሰዓዳ ልጇን አጥብቃ ወደ ኋላ ሸሸች። ጀርባዋ ግድግዳ ነካ።

«በዚህ ስም አትገባም።»

«ምን አልሽ እናቴ?»

«በሚያምር ስም ሁለት ቀብሬያለሁ። እዚህ እጇ ላይ ይሄን ስም አታስርባትም።»

«ስሙን ኋላ ትጣሉበታላችሁ! ልጅቷን ስጪኝ!»

«ኩበቴ ብለህ ጻፍ።»

«እኔ ላኪው የጻፈውን ነው የምጽፈው። ሌላ ስም ከጻፍኩ የሌላ ሰው መድኃኒት ይሰጣታል። ኧረ ስጪኝ፣ ሴትዮ!» እጁን ዘረጋ። ሰዓዳ ትከሻዋን አዞረችበት። ልጅቷ ማቃሰቷን ቀነስ አድርጋለች፤ መቀነሱ ደግ እንዳልሆነ ከነርሱ ፊት ላይ አነበብኩ።

መሀላቸው ገባሁ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። «ሰዓዳ፣ ስሚኝ። የኔም ስም ሀናን አይደለም። ጉድፌ ነው። እናቴ ሦስት ቀብራ እኔን ከጥራጊ ላይ ነው ያስነሳችኝ። በስሜ ሦስት ዓመት ዘፈኑብኝ። ጣልኩት። ይኸው አልሞትኩም። ስም አይገድልም፣ ወላሂ አይገድልም። ስጪው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር ስትጥዪው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አየሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሸክሞ ካሳደገሽ በኋላ ነው የጣልሽው። የኔዋ አራት ወሯ ነው።»

ወደ ነርሱ ዞርኩ።

የመላኪያውን ወረቀት ከነርሱ እጅ ወሰድኩና ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ «ከውሰር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። በላዩ «ኩበቴ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ፣ «የሕፃኗን ስም እናቷ ካስመዘገበችው ውጭ ለውጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትክክለኛ ስሟ ኩበቴ ሰይድ ነው» ብዬ ሥራዬን፣ የመሥሪያ ቤቴን ስልክና ፊርማዬን አኖርኩ። ጽሕፈቴ አስቀያሚ ነበር፣ ግድግዳው ሻካራ ነው። ነርሱ አነበበው፣ እኔን አየኝ፣ መለያውን ቀዶ ሌላ ጻፈ። አሁን ጮክ ብዬ ለሰዓዳ አነበብኩላት። ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ ልጇን ሰጠችው።

ይህ ሁሉ የፈጀው ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው። እነዚያንም በእኔ ላይ ቁጠሩልኝ።

አምስት ቀን በኦክስጅን ተኛች። እኔ በየጠዋቱ ወደ ኮምቦልቻ ከመውረዴ በፊት የሕፃናቱ ክፍል በር ላይ እቆማለሁ፤ ግቢ የሚለኝ የለም። በመጀመሪያው ቀን ነርሶቹ የአልጋዋን ካርድ እያነበቡ አፋቸውን ሲሸፍኑ አየሁ፤ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ፈረቃ ሲቀያየሩ አንዷ ሌላዋን፣ «ኩበቴ እንዴት አደረች?» ስትላት ሰማሁ፤ «ዛሬ ጠባች» አለቻት። ሁለቱም አልሳቁም። በስድስተኛው ቀን ሲወጡ እማ ዘሀራ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም» አሉኝ። «ግን ጆሮ የለሽም።»

አውፍ አላሉኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም።

ኃላፊያችን ደግ ሰው ናቸው። ሁሉንም ስነግራቸው በሩን ዘጉና፣ «ማን አየሽ? የስም ማስተካከያ ተጠይቋል ብለሽ አንድ ቅጽ ሙዪ፣ ያልቃል። ደግሞስ ውለታ ነበር የዋልሽላት» አሉኝ። እንቢ አልኩ። የሆነውን እንደሆነ ጻፍኩ፤ መዝገቡ «ኩበቴ» ተብሎ ታረመ፤ ዲስፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ፤ ማኅተም ተነጥቄ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት አቧራ ሳራግፍ ቆየሁ። ዛሬ ወደ ወንበሬ ተመልሻለሁ። የዚያን ጊዜ የሳለው ባልደረባዬ አሁንም ከኋላዬ ነው፤ አሁንም ይስላል።

ይህን የምታነቡ፣ ልጅ የወለዳችሁ ወይም ልትወልዱ ያሰባችሁ፣ ከእኔ ምክር ትጠብቁ ይሆናል። በየቀኑ ትጠይቁኛላችሁና። አንዱ ስልኩ ላይ የተጻፈ፣ አያቱ ሊጠሩት የማይችሉት ስም ያመጣል። አንዷ የቅድመ አያቷን ስም ታመጣና፣ «ይስቁባት ይሆን?» ብላ ዓይኔን ታያለች። ይስቁባታል። አልዋሽም። ልጆች የሚስቁበት አያጡም፤ ግን ስም ሲሆን ከልጅቷ ጋር ቤት ድረስ ይገባል፣ እኔ አውቀዋለሁ። ኩበቴን ያዳናት መድኃኒቱና ኦክስጅኑ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ስም ሳንባ አያክምም። እንዲህ እያወቅሁ ግን ማታ ማታ የማልመልሰው ነገር ይመጣብኛል። ያቺን ልጅ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስቀመጣት አስቀያሚው ስም አልነበረም። የኔው፣ ያማረው ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነግሩኝን እጽፋለሁ፣ ሁለቴ አነብላቸዋለሁ። የምጨምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን አወጣላት? ለምን?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ይቀመጥና ግማሽ ሰዓት ያወራኛል፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። ልክ ነኝ ወይ? አላውቅም። አሁንም መስከረም በመጣ ቁጥር፣ የመዘገብኳቸው ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ፣ ማን ምን ይላቸው ይሆን እያልኩ መስኮቱ ላይ እንቆራጠጣለሁ።

ባለፈው መስከረም ሰዓዳ መጣች። ከዚያ ሆስፒታል በር ወዲህ አይቻት አላውቅም። አንዲት ቀጭን፣ ትልልቅ ዓይን ያላት ልጅ በእጇ ይዛለች፤ ደረቷ ላይ የመዋዕለ ሕፃናት መሐረብ ተሰክቷል። አራት ዓመት አልፏታል።

«አደገች» አለች ሰዓዳ፣ ሰላምታ ሳታበዛ። «አማቴም ፈቅዳለች። ስሙ ሥራውን ጨርሷል ብላለች። ያን ያኔ የጻፍሽውን ስም አሁን ጻፊላት።»

ተመልከቱ እንግዲህ። ዓመታት ሙሉ ልክ ነበርኩ እንዲለኝ የምመኘው ነገር በራሱ እግር መጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። የስም ለውጥ ቅጹን አወጣሁ። ብዕሩን ከፈትኩ። እንደዚያን ቀን ግን አቀርቅሬ አልጻፍኩም። ጎንበስ ብዬ ልጅቷን አየኋት።

«ትምህርት ቤት ልጆች ምን ይሉሻል?»

«ኩበት፣ ኩበት፣ ይሉኛል» አለች፤ ምንም ሳታፍር።

«አንቺስ?»

«እኔማ እናንተ ጭስ ናችሁ እላቸዋለሁ። ይሮጣሉ። አባርራቸዋለሁ።»

ከኋላዬ ሳል ተሰማ። ሰዓዳ ከንፈሯን ነከሰች።

«እናትሽ አዲስ ስም ልታወጣልሽ ነው» አልኳት። «ከውሰር ልትባዪ ነው። ትወጂዋለሽ?»

ልጅቷ ደነገጠች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ አየች።

«ከውሰር ክፍላችን አለች» አለች። «ሌላ ልጅ ናት። ትናከሳለች።»

ብዕሩን ከደንኩት። ሰዓዳ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ አልቆም ብሏት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቅጹን ሳልጽፍበት አጠፍኩና ሰጠኋት።

«ያዥው» አልኳት። «ሲያሻት ራሷ ትምጣ።»